ቤት እንደሌለው የሚመሰክር ሰው

ማክሰኞ ጠዋት ኮቱ ከሚስማሩ ሲወርድ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጎሚስታው፣ ዜና እና ሜትር። ጎሚስታው ከማሳለጫው ድልድይ ሥር በአሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። ቤትና ሚስት አለው፤ ሲመሽ ቆልፎ ይሄዳል። ዜናና ሜትር ግን ከኮንቴይነሩ ጀርባ፣ የድልድዩ ምሰሶና የአጥሩ ግንብ በሚገናኙበት ጥግ ነው የሚያድሩት። ዜና ስሙን ያገኘው የትኛው ሐኪም ቤት በየትኛው ቀን በነጻ እንደሚያክም፣ የትኛው ዘበኛ ክፉ፣ የትኛዋ ነርስ ደግ እንደሆነች ማንም ሳይጠይቀው ስለሚናገር ነው። ሜትር ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ነው። መቀስ ከጨበጠ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም የሰው ትከሻ ባየ ቁጥር በዐይኑ መለካቱን አልተወም። ሲጠጣ ደግሞ የለካውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በዚህ የተነሣ ከአንድም ሁለት ጊዜ በጥፊ ተመትቷል።

ኮቱ የማንም አይደለም። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ገበሩ ያልተተለተለ፣ ቁልፎቹ የተሟሉ። አንድ ክረምት የልብስ እርዳታ ያመጡ ሰዎች ከበተኑት እስር ውስጥ ነው የወጣው። የደረሰው ሰው ወዲያው ሊሸጠው ሲል ያስጣለው ዜና ነበር። «ይሄ ተሽጦ ቢጠጣ የአንድ ምሽት ነው፤ ተሰቅሎ ቢቀመጥ ግን ስንቱን ከዘበኛ ያሳልፋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ጎሚስታው ኮንቴይነር ውስጥ ከጎማዎቹ በላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት ወይም ቀብር ያለበት ሰው ይለብሰዋል፤ እንዳይጠጣበትና እንዳይተኛበት ብቻ ተማምለዋል። ባለፈው የለበሰው ሰው ሐኪም ቤት እንደገባ አልተመለሰም። ጎሚስታው ኮቱን ሊያመጣ ሄዶ የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ «የሟቹ ምኑ ነህ?» ቢለው፣ «የሟቹስ ምኑም አይደለሁም፤ የኮቱ ዘመድ ነኝ» ብሎ መለሰለት ይባላል። ይህን ወሬ ያመጣው ዜና ስለሆነ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም።

ሜትር የዚያን ቀን ኮቱን የፈለገው ለአልጋ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት መጠጥ በቃኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አቁሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎሚስታው ደጅ ላይ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ ምላሱን ነከሰ፤ ሱሪውን አበላሸ። ጎሚስታውና አንድ ደንበኛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ ያለችው ሲስተር ስትመረምረው ቆይታ፣ «እንዲህ ሜዳ ላይ ብቻህን ካቆምክ ደግመህ ትወድቃለህ፤ ያኔ መነሣትህን እንጃ። ካላቆምክ ደግሞ ጉበትህ አይጠብቅህም» አለችው። የሚያዋጣው አልጋ ይዞ በመድኃኒት ማቆም ነው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ለዚሁ የተሠራ አንድ ረጅም ክፍል አለ፤ ጥቂት አልጋ ነው ያለው፤ የሚሰጠውም ቤት ለሌለው ሰው ብቻ ነው። ቤት ያለው ክኒኑን ተቀብሎ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ማክሰኞ አንድ አልጋ ይለቀቃል፤ ሳትጠጣ ና ብላዋለች። ሳይጠጣ አደረ። ሲነጋ እጁ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቁልፎቹን የቆለፈለት ጎሚስታው ነው።

«አምሮብሃል፤ ሙሽራ ነው የምትመስል» አለው ጎሚስታው፣ ዘይት ያጠቆረው ጣቱ ኮቱን እንዳይነካ አርቆ እየያዘ።

«ትከሻው የኔው ልክ ነው» አለ ሜትር። «ክንዱ ላይ ግን ጣት ያህል ይረዝማል።»

«አንተ ደግሞ! ልትታከም ነው የምትሄደው ወይስ ልትሰፋ?» አለ ዜና፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማኝ አንተ ሰው። ዘመድ አለህ ወይ ይሉሃል። የለኝም በል። ከሰማይ ዱብ አልኩ በል። አባቴንም እናቴንም አላውቅም በል። ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ቤት አልጋ አያገኝም፤ ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምን ትላለህ?»

«የለኝም እላለሁ።»

«ተባረክ። እሱን እየደጋገምክ ሂድ።»

እየደጋገመ ሄደ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ በሌላ ቀን ቢሆን ገና ከሩቅ ዱላውን ያነሣበት ነበር፤ ኮቱን ሲያይ ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ለጥየቃ ነው ጌታዬ?» አለው። ሜትር ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ጌታዬ መባሉ ከጉልበቱ ላይ አንድ ነገር ያነሣለት ይመስል ቀና ብሎ ተራመደ። የመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ እስከ ወገብ በአረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው፤ የሰው ራስ የሚደገፍበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች፣ እግሩን በጨርቅ የጠመጠመ ሽማግሌ፣ ንብረቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ፌስታሉን እንደ ሕፃን የታቀፈ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ሜትር ባለ ፌስታሉ አጠገብ ቦታ ሲያገኝ ሰውየው ኮቱን አየና ፈንጠር አለለት። ደግሞም «ይቅርታ» አለው። ትናንት ማታ አንድ መደብ ላይ አብረው ሊተኙ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

አልጋ የምትሰጠው ሴት ክፍሏ በር የለውም፤ መጋረጃ ነው ያለው። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ናት፤ በየድልድዩ ሥር ያሉት ግን «ሶሻሏ» ነው የሚሏት። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የደከመ። ከጀርባዋ የመስታወት በር ያለው ቁም ሣጥን ቆሟል። የት እንደሚያድር ጠየቀችው፤ ማሳለጫው ሥር አላት። ቀና ብላ ኮቱን አየች። ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሁሉንም እውነቱን ነገራት። ቀጥላ «ዘመድ አለህ?» አለችው።

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያን ጊዜ የሶሻሏን ራስ አልፎ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ውስጥ ትከሻው የሞላ፣ ክሳዱ የተስተካከለ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ይህ ሰው ዘር የሌለው፣ ከሰማይ ዱብ ያለ ሰው አይመስልም። እንዲህ ለብሶ ማንም የለኝም ማለት ሜትርን አሳፈረው። «እህት አለችኝ» አለ። «እዚሁ ከተማ ናት። ትዳር አላት፣ የራሷ ቤት አላት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ በልብስ ስፌት።» ተናግሮ ሳይጨርስ ያደረገው ገባው። ሶሻሏ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዘመዴ፣ እንግዲህ ልንገርህ» አለችው። «ዘመድ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው፣ ዘመዱ መጥቶ ቤት እንደሌለው ካልመሰከረለት አልጋ አልሰጥም። ሰዎች የሚጠጣ ባላቸውን፣ ልጃቸውን አምጥተው፣ ጎዳና ነው ያገኘነው እያሉ ይጥሉብናል። አልጋው በነሱ ይሞላና ሜዳ ያለው ሜዳ ይቀራል።»

«እንደሌለች ቁጠሪያት።»

«አንዴ አለች ካልከኝ እንዴት የለችም ልበል? ሂድና አምጣት። ከኔ ጋር አይኖርም፣ ቤት የለውም ትበል፤ ሌላ አልጠይቃትም። እስከ አሥር ሰዓት አልጋውን አልሰጥም። ከዚያ በኋላ ግን ተረኛ አለ።»

ተረኛው ባለ ፌስታሉ ሰውዬ ነበር። ሜትር ሲወጣ ሰውየው ደግሞ ጠጋ ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

እስከ እህቱ ቤት በእግሩ ሄደ። አንድ ቀን ሰክሮ መጥቶ ልጆቿ ፊት ሳሎኑ መሐል ከወደቀ ወዲህ ደርሶባት አያውቅም፤ ባልዋ ያን ቀን አንሥቶ ካወጣው በኋላ «ሁለተኛ» ብሎ ጣቱን ቀስሮበታል። መንገዱን ግን እግሩ አልረሳውም፤ ዳቦ ቤቱን፣ የፎቶ ቤቱን፣ በሩ ሁልጊዜ ግማሽ የሚከፈተውን የሞባይል መጠገኛ እያለፈ ሄደ። በየመስኮቱ መስታወት ኮቱን ያየዋል፤ ኮቱም ያየዋል። ላብ በጀርባው ይወርዳል፤ ጥርሱ ግን ይንቀጫቀጫል። ሁለት ጊዜ የመጠጥ ቤት ደጅ ላይ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ የከለከለው አልጋው አይደለም፤ ኮቱን ለብሶ አይጠጣም የሚለው መሐላ ነው።

እህቱ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው። ጫማውን ብታይ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ወዲያው ይገባት ነበር፤ ጫማው ግን ከደረጃው በታች ነበር። «ጋሼ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ጋሼ! ተመስገን! አውቄው ነበር! አንድ ቀን ሰው ሆኖ ይመጣል ብዬ ነበር!» እያለቀሰች ትስቃለች። ሜትር እጆቹን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ፤ ሽታው እንዳይነካት ትንፋሹን ዋጠ። ሊናገር አፉን ሲከፍት እሷ ክንዱን ይዛ ሳሎን አስገባችው። ሳሎኑ ውስጥ አማትዋ ነበሩ። አንድ ዐይናቸውን አሳክመው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሶፋው ጥግ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ወንድሜ ነው» አለች እህቱ። «ያ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራው። ሌላ ከተማ ነው ያልኩዎት።»

በዚህ ሁሉ ዓመት የት ይሠራ እንደነበር ሜትር የሰማው ያን ጊዜ ነው።

«እሰይ፣ እሰይ! ና እስቲ ልይህ፤ በአንድ ዐይኔም ቢሆን» አሉ አሮጊቷ። ጉንጩን ከሳሙት በኋላ የኮቱን ክሳድ በሁለት ጣታቸው አሹት። «ጨርቅ ማለት እንዲህ ነው። ፋብሪካው ነው የሰጠህ?»

«አዎ እማማ።»

«ሚስትስ? ልጆችስ? ወይስ አሁንም ፋብሪካውን ነው ያገባኸው?»

እህቱ በእሱ ፈንታ ሳቀችና ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች። ሜትር ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ከልብሱ የሚረግፍ ነገር እንዳለበት ሰው ተሸማቆ ተቀመጠ። ሳሎኑ ያው ነው፤ ሶፋዎቹ አዲስ የዳንቴል ልብስ ለብሰዋል፤ ቴሌቪዥኑ በትልቅ ተቀይሯል። መስኮቱ ሥር የእሱ የስፌት መኪና ቆሟል። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበት፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የቴሌቪዥኑ ሪሞት ተቀምጠዋል። እግሩ ሳይታዘዝ ወለሉን ረገጥ፣ ረገጥ አደረገ፤ ፔዳል የሚረግጥ ይመስል። ሻይና ዳቦ መጣ። ብርጭቆውን ቢያነሣ እንደሚደፋው ስለሚያውቅ አላነሣውም። አሮጊቷ የአንዱን ዐይን ሥራ አንዱ ዐይናቸው ደርቦ የያዘላቸው ይመስል ሁሉን ያያሉ፤ «ጠጣ እንጂ» አሉት። «እስኪበርድልኝ ነው» አለ። ትንሽ ቆይተው «አሁንማ በረደ» አሉት። «ሞቅ ያለ አልወድም» አለ። እንደዚያ እየተባባሉ ሻዩ ላዩ ሰፈፈ።

ከዚያ አሮጊቷ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ወይ እግዜር ሲሰጥ!» ብለው ከጎናቸው የታጠፈ ቀሚስ አወጡ። «ጠርዙ ተተርትሮብኝ መርፌ የሚያስገባልኝ አጥቼ ተቀምጬ ነበር። ልብስ ሰፊ እግሩ ድረስ መጣልኝ! በል፣ ክሩን ብቻ አስገባልኝ፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።» መርፌውንና ክሩን ሰጡት። መቀበል ነበረበት፤ ተቀበለ። የመርፌዋን ዐይን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ክሩን አስጠጋ። ክሩ በግራ አለፈ። ጫፉን በከንፈሩ አርጥቦ ደግሞ አስጠጋ፤ በቀኝ አለፈ። ይህን ሥራ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በጨለማ ይሠራው ነበር። ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ሞከረ፤ መርፌዋ ራሷ እጁ ውስጥ እንደ ንብ ትርገበገባለች። ግንባሩ ላይ ያቸፈቸፈው ላብ ወርዶ ዳንቴሉ ላይ ጠብ አለ።

«ያንተ ዐይን ደግሞ ከኔ ብሶ!» ብለው አሮጊቷ ከልባቸው ሳቁ። «ሁለታችንም ያው ባለ አንድ ዐይን ነን!»

እህቱ አልሳቀችም። ዳቦ የቆረሰችበትን ሳሕን እንደያዘች ቆማ እጆቹን አየች። ከእጆቹ ወረደችና ጫማውን አየች፤ አንዱ በሽቦ የታሰረ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቶሎ አልጠፋም፤ ሰው ከወጣበት ቤት በርቶ እንደቀረ መብራት፣ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ሳሕኑን አስቀምጣ መርፌውን ከእጁ ወሰደች፤ በአንድ ጊዜ አስገባችው። «ጋሼን መንገድ አድክሞት ነው እማማ» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ አድሮ ነው። ና ጋሼ፣ ፊትህን ታጠብ።»

ማድ ቤት ገቡ። እህቱ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ እንደገና አጠበች፤ ደፋችው፤ ሌላ አነሣች። የቧንቧው ውሃ ይወርዳል። ሜትር ከማቀዝቀዣው ጎን ቆሞ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ የሕፃን ሥዕል ያያል፤ ቤት ነው የተሣለው፤ በሩ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል።

«ገንዘብ ነው?» አለች ሳትዞር።

«አይደለም።»

«ታመምክ?»

ነገራት። መውደቁን ነገራት፤ አልጋውን ነገራት፤ ሲስተሯ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገራት። «አንቺ መጥተሽ ቤት የለውም ብለሽ ትመሰክሪልኛለሽ። ከኔ ጋር አይኖርም ትያለሽ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ለማን ነው የምለው?»

«ለአንዲት ልጅ። ሶሻል ነው የሚሏት።»

«ሰው ይሰማል?»

«ኧረ አይሰማም» አለ ሜትር። «በር ይዘጋሉ።» መጋረጃው ትዝ አለው፤ ግን አላረመውም።

እህቱ ውሃውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ነጠላዬን ልልበስ» አለች። ለአማትዋ ፋብሪካው ቶሎ ስለሚፈልገው ልትሸኘው እንደሆነ ነገረቻቸው። አሮጊቷ «ሻዩን ሳይጠጣ! ይሄ ፋብሪካ ነው ወይስ እስር ቤት?» እያሉ፣ ለመንገዱ ብለው አንድ ዳቦ ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ መስኮቱ ጋ ናት። እሱ ወደ መተላለፊያው ዘመም ብሎ ተቀምጧል። «ጋሽዬ፣ ጠጋ በሉ ወደ ሴትዮዋ፣ አትፍሯቸው፤ አይነክሱም!» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሜትር ግን ጠጋ አላለም። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ እህቱ በመስኮቱ እያየች፣ «ልጆቹ ይጠይቁኛል» አለች።

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጥም እላለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ድምፅ የለውም፤ ግን ምን እንደምትል ያውቃል። ቤት የለውም፣ ከኔ ጋር አይኖርም፤ ቤት የለውም፣ ከኔ ጋር አይኖርም። ትንሽ ልጅ ሆና ለፈተና ስትዘጋጅ እንደዚሁ ነበረች፤ እሱ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ይሰፋል፣ እሷ ከበስተኋላው ቁጭ ብላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

የደረሱት አልጋው ሳይሰጥ ነው። አግዳሚው ወንበር ጠዋት እንደነበረው ሞልቷል። ባለ ፌስታሉም እዚያው ነው፤ ሲያያቸው ፌስታሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እህቱ መጋረጃውን አየች። ከዚያ ሜትርን አየችው። እሱ ወለሉን አየ። ሶሻሏ «ግቡ፣ ግቡ፣ ልዘጋ ነበር» አለች፤ ለእህቱ ወንበር ሳበችላት። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲዞር ይንቋቋል።

«እህቱ ነሽ?»

«አዎ።»

«የእናት ያባት?»

«አዎ።»

«እሺ። እንግዲህ ንገሪኝ።»

እህቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ወንድሜ…» አለች በለሆሳስ።

«ጮክ በይ እህቴ፤ ማራገቢያው አያሰማኝም።»

«ወንድሜ… ከኔ ጋር…»

ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ጫጫታ ረገበ። ሕፃን የታቀፈችው ሴት ልጇን እሹሩሩ ማለቷን ተወች። አንዱ በሹክሹክታ «እህቱ ናት» ሲል፣ ሌላዋ «ምን ልትል ነው የመጣችው?» ስትል፣ ሽማግሌው «የለኝም ልትለው ነዋ፤ እንዲህ አድርገው ነው የሚጥሉን» ሲል ሁሉም በግልጽ ተሰማ። የእህቱ አንገት ከነጠላው በላይ እስከ ጆሮዋ ደም መሰለ።

«ከአንቺ ጋር አይኖርም፤ እንደሱ ነው?» አለች ሶሻሏ ልትረዳት ብላ። «ማለትም፣ ቤትሽ አይገባም? አላስገባውም ነው የምትይኝ?»

«ማን ነው እንደሱ ያለው?» አለች እህቱ። ድምፅዋ ድንገት ከፍ አለ፤ ከመጋረጃው አልፎ እስከ ዘበኛው የሚሰማ ሆነ። «ወንድሜ ቤት አለው! የኔ ቤት ቤቱ ነው! ያሳደገኝ እሱ ነው! ማንም ተነሥቶ ወንድሟን ጣለች ሊለኝ አይችልም! አብሮን ነው የሚኖረው!»

ወዲያ ማዶ «እሰይ!» ተባለ። «እህት ማለት እንዲህ ናት!» አለች ሕፃን የታቀፈችው። ሽማግሌው «እንዲህ ያለች እህት ለኔም በሰጠኝ» አለ። አንዱ አጨበጨበ። እህቱ ትንፋሽ አጥሯት እንደሮጠ ሰው ደረቷ ይነሣል ይወርዳል። ያለችውን ነገር ገና ራሷ እየሰማችው ነበር።

ሶሻሏ ወደ ሜትር ዞረች። ረጋ ብላ አየችው፤ እንደ ጠዋቱ ኮቱን አይደለም ያየችው፤ ጫማውን ነው። «እውነት ነው?» አለችው። «እውነት ካልሆነ አሁን ንገረኝ። አልጋው አሁንም አለ።»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ውሸቷን ነው ቢል ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ንጹሕ አንሶላ አለ፤ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ የሚይዘው ሰው አለ። ግን መጋረጃው ወዲያ ያሉት ሁሉ ያጨበጨቡላትን ሴት ያይዋታል። ከዚህ ክፍል ወጥታ በነሱ መሐል ማለፍ አለባት። እህቱ አላየችውም። ቀለበት ያለበት ጣቷ የነጠላዋን ጥለት ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«እውነት ነው» አለ።

ሶሻሏ እስክሪብቶዋን አንሥታ አንድ ነገር ሠረዘች። መጋረጃውን ገልጣ ባለ ፌስታሉን ጠራችው። ሰውየው ሲገባ ሜትርን እያየ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ምስጋና ይሁን ይቅርታ አልታወቀም።

ቤት ላለው ሰው የሚሰጠው ክኒን ነው። ክኒኑም ለበሽተኛው አይሰጥም፤ ሸጠው የሚጠጡበት ስላሉ፣ በቤት ላለው ዘመድ እጅ ነው የሚሰጠው። ሲስተሯ በወረቀት የተጠቀለለውን ለእህቱ አስረከበቻት። ደስ ብሏታል፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «ማታ በእጅሽ ስጪው፤ ጠዋትም በእጅሽ። ሲውጥ እዪው። ሌሊት ብቻውን እንዳይተኛ፤ ከጎኑ ሰው ይኑር። ቢንቀጠቀጥ በጎኑ አስተኝተሽ ቶሎ ወደኛ ነው። ነገ ጠዋት ይምጣና ልየው። ገባሽ?»

«ገባኝ ሲስተር።»

«እንዳንቺ ያለ ቢበዛ እኛም ሥራ ይቀልልን ነበር።»

እህቱ «አመሰግናለሁ» አለች።

ከበሩ ወጥተው እስከ ታክሲ መያዣው ሄዱ። ዘበኛው «ደኅና ዋሉ ጌታዬ» አለ። ሰልፍ አልነበረም፤ አንድ ታክሲ ሰው እየጠራ ቆሟል። እህቱ ግን ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ልበል ነበር? ሰው ሁሉ እየሰማኝ። በር ይዘጋሉ ብለኸኝ።»

«ጥሩ ነው ያልሽው።»

«ነገሩማ… እማማ ለዐይናቸው ይቆያሉ። እሳቸው ሲሄዱ፣ የልጆቹንም አባት እኔ አናግሬው…»

«አውቃለሁ። ሂጂ አሁን፤ ይመሽብሻል።»

ክኒኑን ከነመጠቅለያው አወጣች። ለአፍታ እጇ ላይ ያዘችው፤ ከዚያ ሰጠችው። «ማታ አንድ ነው ብላለች» አለችው። ታክሲው ውስጥ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ታክሲው ሄደ።

አልጋው ላይ ያን ማታ ባለ ፌስታሉ ሰውዬ ተኛ። ሜትር ሌሊቱን ከኮንቴይነሩ ጀርባ፣ ዜና ራሱን ደግፎ ይዞት አደረ። ጠዋት ሲስተሯ ጋ ቀረበ። እሷም ዐይኑን ገልጣ አየች፣ የልብ ትርታውን ቆጠረች፣ «ሌሊቱ ከብዶህ ነበር፤ መቼም እህትህ ስታስታምምህ አልተኛችም» አለችው።

«አልተኛችም» አላት።